የስፖርት ሐኪም ለመሆን በየት በኩል ይገባል?

ጥያቄው የደረሰኝ ከኮምቦልቻ፣ ከአንዲት የ11ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነው። ረዘም ያለ ነበርና አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ለትምህርት ቤታችን 1,500 ሜትር እሮጣለሁ። ዘንድሮ ቅልጥሜን አሞኝ ከልምምድ ቀረሁ፤ ወጌሻ አሽቶኝ ባሰብኝ እንጂ አልተሻለኝም። ከዚያ ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ የስፖርት ሐኪም መሆን ላይ ነው። የስፖርት መምህራችን ‹ስፖርት ሳይንስ ግቢ› ይሉኛል፤ አባቴ ደግሞ ‹ሐኪም ከሆንሽ አይቀር ሐኪም ሁኚ፣ ስፖርቱ ምን ያደርግልሻል› ይለኛል። የሚገባው በየትኛው ዲፓርትመንት ነው? ስንት ዓመት ይፈጃል? እዚህ አገር እንጀራ ይሆናል ወይ? ሴት በመሆኔስ የወንዶች ቡድን ይቀበለኛል?»

አብሽሪ እህቴ፣ አራቱንም እመልሳለሁ። እኔ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ነኝ። ሳምንቱን ደሴ ላይ ሆስፒታል ውስጥ እውላለሁ፣ ጨዋታ ሲኖር ደግሞ ሜዳ ዳር እቀመጣለሁ።

ከዲፓርትመንቱ ልጀምር። አባትሽ በዚህ ልክ ናቸው፦ የስፖርት ሐኪም መጀመሪያ ሐኪም ነው። ሜዲስን ገብተሽ፣ ጨርሰሽ፣ ፈቃድ ሳታወጪ የስፖርት ሐኪም የምትሆኚበት መንገድ እዚህም የለም፣ አሜሪካም የለም፣ ዶሃም የለም። ስፖርት ሳይንስ ሌላ ሙያ ነው። አሰልጣኝ፣ የአካል ብቃት ባለሙያ፣ መምህር ወይም ተመራማሪ ያደርግሻል፤ ታማሚ መርምሮ መድኃኒት ለማዘዝ ግን አያበቃም። መምህርሽ ሊያሳስቱሽ ብለው አይመስለኝም፣ ራሳቸው የሚያውቁትንና የሚወዱትን በር ነው ያሳዩሽ። ብዙ ልጆች ግን «ከስፖርት ሳይንስ በኋላ ወደ ሕክምናው እዞራለሁ» ብለው ይገቡና መዞሪያው እንደገመቱት ሳይሆን ይቀራል።

በመካከል አንድ የምትረሳ ሙያ አለች፦ ፊዚዮቴራፒ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት ሲያስተምራት ቆይቷል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ጉልበቱ የተጎዳ ተጫዋች እኔን የሚያየኝ ለቀዶ ጥገናውና ለጥቂት ቀጠሮዎች ነው። ከዚያ በኋላ ወራቱን በሙሉ ጡንቻውን የሚመልስለት፣ ሲያለቅስ የሚሰማው፣ ደረጃ በደረጃ ወደ ሩጫ የሚያደርሰው ፊዚዮቴራፒስቱ ነው። የማረከሽ ነገር ይህ ከሆነ፣ ማለትም የወደቀን ሰው በእጅሽ እያነሳሽ ሜዳ ማድረስ ከሆነ፣ «ዶክተር» የሚለው ስም አያታልልሽ። በአጭር ጊዜ ጨርሰሽ ከስፖርተኛው ጋር አብዝተሽ የምትውይው በዚያ ሙያ ነው። ደግሞ እዚህ አካባቢ ፊዚዮቴራፒስት እንደ ልብ አይገኝም።

ወጌሻውንም ላንሳው። በእኛ ኳስ ሜዳ በረዶና ስፕሬይ ይዞ የሚሮጥ ሁሉ ወጌሻ ይባላል። ከመካከላቸው ቁርጭምጭሚት ሲያስር አይቼ የቀናሁበት አለ። ግን ደግሞ የተሰበረ ክንዱ በቀርከሃ ከመጠን በላይ ተጠፍሮ፣ ደም መተላለፊያ አጥቶ፣ ጣቶቹ ጠቁረው የሚመጣ ልጅም አለ። ያን ጊዜ ወላጅ ፊት ቁጭ ብሎ «እጁ መቆረጥ አለበት» ማለት ከሥራዬ ሁሉ የከፋው ክፍል ነው። ያመመውን ቅልጥምም ሳያውቁ ማሸት ምን እንደሚያመጣ አንቺው ጽፈሽልኛል።

የቅልጥምሽን ነገር ላንሳው፤ የስፖርት ሐኪም ሥራ ምን እንደሚመስል ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ያሳይሻልና። ሳላይሽ በሽታሽ ይህ ነው አልልም። እንዴት እንደሚታሰብ ግን ላሳይሽ። ሯጭ ላይ እንዲህ ያለ ሕመም ሲመጣ በመጀመሪያ የሚታሰቡት ሁለት ናቸው። አንዱ የቅልጥሙ አጥንት ሽፋንና እዚያ የሚጣበቀው ጡንቻ መቆጣት ነው። ሌላው ስትረስ ፍራክቸር የሚባለው፣ በአንድ ጊዜ አደጋ ሳይሆን በተደጋጋሚ ጫና ቀስ እያለ የሚመጣ ስንጥቅ ነው። ጣት ብዙ ይናገራል፦ የቅልጥሙን የውስጥ ጠርዝ ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይ እየተጫንኩ እሄዳለሁ። ሕመሙ አምስት ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ተዘርግቶ ከተገኘ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ። «እዚች ጋ» ብላ በአንድ ጣት ጫፍ የምታሳየኝ ከሆነ፣ በዚያ እግሯ ብቻ እንጣጥ ስትል ፊቷ ከተኮማተረ፣ ሌሊት ተኝታም የሚጠዘጥዛት ከሆነ ስንጥቁን እጠረጥራለሁ። ራጅ ማንሳት ይቻላል፤ ግን ስንጥቁ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። «ራጅሽ ንጹሕ ነው» ተብላ ልምምድ ጀምራ፣ ወር ሳይሞላ አጥንቱ ለሁለት ተከፍሎ የምትመጣ ሯጭ አለች።

እስከዚህ ያለውን ጠንቃቃ ሐኪም ሁሉ ያውቀዋል። የስፖርት ሐኪሙ የሚለየው ከዚህ በኋላ በሚጠይቀው ነው። በሳምንት ስንት ኪሎ ሜትር ትሮጫለሽ፣ ባለፈው ወርስ ስንት ነበር? በድንገት እጥፍ አድርገሽው ነው ወይ? የምትሮጪው አስፋልት ላይ ነው ሣር ላይ? የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ቁልቁል በሩጫ ትመለሳላችሁ? ቁልቁለት ሳንባን ያሳርፋል፣ ቅልጥምን ግን ይደበድባል። ጫማሽ ስንት ጊዜ አገለገለ፣ የማንስ ነበር? ጠዋት ሮጠሽ ትምህርት ቤት ስትገቢ ቁርስ በልተሻል? ከዚያ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ እናትየዋ ካለች ፈቃድ ጠይቄ፣ የወር አበባዋ መቅረት አለመቅረቱን እጠይቃለሁ። ሴት ልጅ ከምታወጣው ጉልበት ያነሰ ስትመገብ ሰውነቷ ቁጠባ ይጀምራል። የወር አበባዋ ይቀራል፣ አጥንቷ ይሳሳል፣ ቁስሏ አይድንም። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ይህን ሁኔታ ራሱን የቻለ ስም ሰጥቶ መመሪያ ያወጣለት እ.ኤ.አ. በ2014 ነው፤ በ2023 አሻሽሎታል። እንዲህ ላለችዋ ልጅ ካልሲየምና የሕመም ማስታገሻ ሰጥቶ መሸኘት እንዳልመረመሩ ይቆጠራል። ሕክምናዋ ያለው መሶቡና የልምምድ ፕሮግራሙ ላይ ነው። አንቺም በእርምጃ ብቻ እንኳ የሚያምሽ ከሆነ ሩጫውን ተይና ሆስፒታል ታዪ፤ መታሸት ይብቃሽ።

ወደ መንገዱ እንመለስ። የተፈጥሮ ሳይንስ መምረጥሽ በሩን ክፍት አድርጎልሻል። የ12ኛ ክፍል ፈተናውን ካለፍሽ በኋላ የመጀመሪያው ዓመት ፍሬሽማን ነው፤ የዲፓርትመንት ምደባው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ሜዲስን ከሚሻሙባቸው ዲፓርትመንቶች አንዱ ስለሆነ ፍሬሽማን ላይ «ከ12ኛ ክፍል ትንሽ ልረፍ» ያለ ተማሪ ይቆጨዋል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ያስተምራል፤ ምደባው ደሴ ካደረሰሽ ከቤትሽ ሐረጎን መውጣት ብቻ ነው፣ ቅዳሜና እሁድ እናትሽ ጋ ቡና ትጠጫለሽ። ሌላ ቦታ ቢደርስሽም አትዘኚ። ጎንደርም ጅማም አዲስ አበባም የሚነበበው አናቶሚ አንድ ነው።

ከምደባው በኋላ ያለው እንዲህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፕሪ ክሊኒካል ይባላሉ፦ አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ባዮኬሚስትሪ፣ ፓቶሎጂ፣ ፋርማኮሎጂ። ከዚያ ሲ ዋንና ሲ ቱ በሚባሉት የክሊኒካል ዓመታት ጋውን ለብሰሽ ሕሙማን የሚተኙበት ዋርድ ትገቢያለሽ፦ ውስጥ ደዌ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ሕፃናት፣ ማሕፀንና ጽንስ፣ ሌሎችም። መጨረሻ ላይ አንድ ዓመት ኢንተርንሺፕ፣ ማለትም ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራ የተግባር ልምምድ አለ፤ እንቅልፍ የምትናፍቂበት ዓመት ነው። ሁሉም ከፍሬሽማን ጋር ሲደመር ወደ 7 ዓመት ይጠጋል። የብቃት ምዘና ፈተናውን አልፈሽ የሙያ ፈቃድ ስታወጪ ጠቅላላ ሐኪም ሆንሽ፤ ሰዉ «ጂፒ» የሚለው።

በእነዚያ ዓመታት ስለ ስፖርት አንድ ሙሉ ሌክቸር እንኳ ላትሰሚ ትችያለሽ። የምታይው ወባ፣ የሳንባ ምች፣ ስኳር፣ ምጥ የጠናባት እናት፣ ከባጃጅ የወደቀ ሰው ነው። ብዙ ስፖርት ወዳድ ተማሪዎች ሞራላቸው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። እኔ ግን ይህን ጊዜ ለስፖርት ሐኪም ከሚጠቅሙት ሁሉ አስቀድመዋለሁ። «ጉልበቴ ከዳኝ፣ ሰዓቴ ወረደ» ብሎ የሚመጣ ሯጭ የሥልጠና ብዛት ሊሆን ይችላል፤ የደም ማነስ፣ የእንቅርት፣ የቲቢ፣ የስኳር መጀመሪያም ሊሆን ይችላል። ስለ ጉልበት ጅማት ብቻ የሚያውቅ ሐኪም ይህን ልጅ በእጁ ይዞ ያጠፋዋል።

ልብን ተመልከቺ። ካሜሩናዊው ማርክ ቪቪየን ፎዬ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2003 ሊዮን ላይ በኮንፌዴሬሽንስ ካፕ ጨዋታ መካከል፣ ማንም ሳይነካው ወደቀ፤ አልተረፈም። ፋብሪስ ሙዋምባ በ2012 ለንደን ላይ፣ ክርስቲያን ኤሪክሰን በ2021 ኮፐንሃገን ላይ ወድቀው ተረፉ። ኤሪክሰን ወዲያው ደረቱ ተጫነ፣ የልብ ማስነሻው መሣሪያም አጠገብ ነበር። እንዲህ ባለው አወዳደቅ ላይ እርዳታ ሳይደረግ የሚያልፍ እያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድሉን ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሰዋል። ጣሊያን እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ለውድድር የሚመዘገብ ስፖርተኛ ሁሉ በሕግ የልብ ምርመራ እንዲያደርግ ያስገደደችው ለዚህ ነው። እዚህ ደሴ ሆጤ ሜዳ ላይ ተጫዋች ቢወድቅ መጀመሪያ የሚደርሰው ሰው ኤምአርአይ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ድንገተኛ ክፍል ማታ ዲውቲ ላይ ደጋግሞ የሠራው እጅ ነው። ያ እጅ የሚገኘው በኢንተርንሺፕ ነው።

ጂፒ ከሆንሽ በኋላ ጥቂት ጊዜ ትሠሪያለሽ፣ ከዚያ ስፔሻሊስት ለመሆን ለሚሠለጠንበት ሬዚደንሲ ትወዳደሪያለሽ። የሬዚደንሲ ምደባው አገር አቀፍ ፈተና አለው፤ ስፖንሰር የሚያደርግሽ መሥሪያ ቤት ካለ ስትጨርሺ ተመልሰሽ ታገለግይዋለሽ። አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን። በአገራችን ከጂፒነት በቀጥታ የሚገባበት የስፖርት ሕክምና ሬዚደንሲ አልተለመደም። በብዙ አገርም የስፖርት ሕክምና በሌላ ስፔሻሊቲ ላይ የሚደረብ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ከታች የሚለበሰውን ትመርጫለሽ፤ የምትሆኚው ሐኪም የሚወሰነውም በእሱ ነው።

ቢላ ከወደድሽ ኦርቶፔዲክስ፣ ማለትም የአጥንት ቀዶ ሕክምና። አራትና አምስት ዓመት ይወስዳል፣ ክብደት አለው፣ ሴት ሬዚደንት አሁንም ጥቂት ነው። ጉልበት ውስጥ በካሜራ ገብቶ ጅማት መተካት የሚማረው ከዚህ ቀጥሎ ባለ ተጨማሪ ሥልጠና፣ ፌሎሺፕ በሚባለው ነው። ሰው ሁሉ «የስፖርት ሐኪም» ሲል የሚታየው ይህ ነው። ይሁን እንጂ የስፖርት ጉዳት አብዛኛው ቢላ አይነካም፤ በዕረፍት፣ በማጠናከሪያ እንቅስቃሴ፣ ጫናን በመመጠን ይድናል። ስለዚህ ሁለተኛው መንገድ ሰፊ ነው፦ ውስጥ ደዌ፣ የቤተሰብ ሕክምና፣ ሕፃናት፣ ድንገተኛ ሕክምና ወይም የተሐድሶ ሕክምና። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሦስት ዓመት ግድም ናቸው። የቤተሰብ ሕክምና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ስለሆነ ገና ወጣት ነው። ለስፖርት ግን ከሁሉም የሚስማማ ይመስለኛል፦ ሕፃኑንም፣ ሴቷንም፣ ልቡንም፣ ጉልበቱንም አንድ ሐኪም ያያል። ኦርቶፔዲክ ሆኜ ይህን ስል ባልደረቦቼ ይስቁብኛል።

የኔ ምክር ይህ ነው፦ በሕይወትሽ አንድም ስታዲየም ባትረግጪ እንኳ ደስ ብሎሽ የምትሠሪውን ስፔሻሊቲ ምረጪ። «እንጀራ ይሆናል ወይ?» ላልሽው መልሱም እዚሁ ውስጥ ነው። እዚህ አካባቢ የስፖርት ሐኪም ብሎ ሙሉ ደመወዝ የሚከፍልሽ ክለብ አትጠብቂ። ወልድያ ፕሪሚየር ሊግ በወጣበት ዘመን እንኳ፣ ያን የመሰለ ስታዲየም ተሠርቶለት፣ የሐኪም ጉዳይ ከተጫዋች ዝውውር ኋላ ነበር የሚነሳው። ከሰኞ እስከ ዓርብ እንጀራሽ የሚመጣው ከሆስፒታሉ ነው። ከሜዳው የሚመጣው ስምና ፍቅር ነው፤ ሲሻሻል ደግሞ የፌዴሬሽንና የብሔራዊ ቡድን ጉዞ። ለእግር ኳስ ሲል የማይወደውን ኦርቶፔዲክስ የገባ ሰው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የመኪና አደጋ ሲመጣበት አገሩን ይራገማል። ወድዶ የገባው ግን በማግስቱ ሜዳ ላይም ጥሩ ነው።

ውጭ አገር ያለውን ማወቅሽ አይከፋም። አሜሪካ ከሕክምና ትምህርት በኋላ በቤተሰብ ሕክምና፣ በውስጥ ደዌ፣ በሕፃናት፣ በድንገተኛ ወይም በተሐድሶ ሕክምና ሬዚደንሲ ይሠራና አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ዓመት የስፖርት ፌሎሺፕ ይጨመርበታል። ኦርቶፔዲክሱ 5 ዓመት ሆኖ የስፖርቱ 1 ዓመት ነው። ከዚህ ስትሄጂ የአሜሪካ የሕክምና ፈቃድ ፈተናዎችን ማለፍ አለብሽ፤ እዚህ የሠራሽው ሬዚደንሲም ባብዛኛው ስለማይቆጠር ከዜሮ ይጀመራል። ብሪታንያ ግን እ.ኤ.አ. በ2005 የስፖርትና የአካል እንቅስቃሴ ሕክምናን ራሱን የቻለ ስፔሻሊቲ አድርጋ ተቀብላዋለች። ወደ እኛ ቀረብ የሚለው ደቡብ አፍሪካ ነው፦ ኬፕታውንና ፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲዎች ሐኪም ለሆነ ሰው በስፖርት ሕክምና የማስተርስ ትምህርት ይሰጣሉ። ከሥራ ሳይለቁ ለሚማሩ ደግሞ ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ለሐኪሞች የሁለት ዓመት የርቀት ዲፕሎማ አለው። ፊፋም በኢንተርኔት የሚሰጥ የእግር ኳስ ሕክምና ዲፕሎማ አለው፣ በነጻ ነው። ኢንተርኔት ካለሽ እንግሊዝኛሽ እስኪጠና የቁርጭምጭሚቱን ክፍል ብቻ አሁኑኑ ማየት ትችያለሽ።

ደምሪው፦ ሜዲስን 7 ግድም፣ ጂፒነት ጥቂት፣ ሬዚደንሲ ከ3 እስከ 5፣ በላዩ 1 ወይም 2። ከ12ኛ ክፍል በኋላ ከ12 እስከ 16 ዓመት መሆኑ ነው፤ ሠላሳን ትሻገሪያለሽ። ነገር ግን ከ7ኛው ዓመት በኋላ ደመወዝተኛ ሐኪም ነሽ፣ ሜዳ ዳር ለመቀመጥም ማንም አይከለክልሽም።

ሜዳ ዳር የሚማሩትን ደግሞ ዩኒቨርሲቲ አያስተምርሽም። ለምሳሌ ያህል አንዲት ሯጭ ወገቧን አሟት፣ ለውድድር አዲስ አበባ ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት ተመላላሽ ክፍል (ኦፒዲ) መጣች እንበል። የደከመው ጂፒ ትራማዶል የሚባል የሕመም ማስታገሻ ጽፎ ይሸኛታል፤ ለሌላ ሰው ቢሆን ምንም አይደለም። ትራማዶል ግን እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 ጀምሮ በውድድር ጊዜ የተከለከለ ነው። መርፌ ይሻላል ተብሎ ዴክሳሜታዞን ብትወጋም በውድድር ጊዜ ክልክል ነው፤ ከ2022 ጀምሮ ኮርቲዞን መሰል መርፌዎች ሁሉ በየትኛውም ቦታ ቢወጉ እዚያው ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። ሽንቷ ላይ ቢገኝ «ሐኪም አዞልኝ ነው» ማለት አያድናትም፤ ሰውነቷ ውስጥ ለተገኘው ተጠያቂዋ ራሷ ናት። በሽታው በእውነት ያን መድኃኒት የሚጠይቅ ከሆነ አስቀድሞ ማስረጃ አያይዞ ፈቃድ መጠየቂያ ሥርዓት አለ፤ በአገራችን የሚመለከተው የፀረ ዶፒንግ ባለሥልጣን ነው። የስፖርት ሐኪም ብዕሩን ከማንሳቱ በፊት «ውድድርሽ መቼ ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ወሎ ላይ ደግሞ ጾም አለ። አንድ ቡድን ውስጥ ግማሹ ረመዳን ይይዛል፣ ግማሹ ሁዳዴ ይጾማል፤ አንዳንድ ዓመት ሁለቱ ተደራርበው ይመጣሉ። «ጾሙን ተዉት» የሚል ሐኪም እዚህ አገር አንድ ቀን አይቆይም፣ ሊቆይም አይገባውም። የሚደረገው ሰዓት ማንቀሳቀስ ነው። ለረመዳን ጠንከር ያለውን ልምምድ ወደ አፍጥር ጠጋ ማድረግ ወይም ከአፍጥር በኋላ ማዋል፣ ውኃውን እስከ ሱሁር ከፋፍሎ መጠጣት፣ በቀትር ፀሐይ ከባድ ሩጫ አለማድረግ። በተለይ ኮምቦልቻ ላይ፤ የእናንተን ሙቀት ደሴ ያለ ሰው አያውቀውም። ለሁዳዴው ምስሩና ሽሮው በዛ እንዲል፣ ሎሚ ወይም ቃሪያ አብሮ እንዲቀርብ፤ ቫይታሚን ሲ ከእህል የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዲወስድ ያግዛል። ቡና በአንጻሩ ከምግብ ላይ ወዲያው ሲጠጣ ብረቱን ይቀንሰዋል። ወሎ ላይ ቡና ይቅር ማለት አይቻልም፤ ከምሳ አንድ ሰዓት ማራቅ ግን ይቻላል፣ በተለይ የደም ማነስ ላለባት ሯጭ።

አሁን ካለሽበት ሆነሽ ምን ትጀምሪያለሽ? ባዮሎጂና ኬሚስትሪውን በደንብ ያዢ፤ ፊዚክስንም አትናቂው፣ ጉልበት ላይ የሚያርፍ ጫና የሚሰላው በእሱ ነው። እንግሊዝኛ፣ ከሁሉም በላይ ንባቡ። ቀይ መስቀል የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ሲሰጥ ተመዝገቢ። የቡድናችሁን ማሟሟቂያ ደግሞ አንቺ ተረከቢው፦ ፊፋ ያዘጋጀው «አስራ አንድ ፕላስ» የሚባል 20 ደቂቃ የሚወስድ ማሟሟቂያ አለ፤ 15 እንቅስቃሴ ነው፣ ኳስና ሜዳ ካለ ሌላ ዕቃ አይፈልግም። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ በትክክል የሠሩት ቡድኖች ላይ ጉዳት በሲሶና ከዚያም በላይ ሲቀንስ ታይቷል። አንድ ደብተር አውጥተሽ ማን መቼ የት እንደተጎዳና ስንት ቀን እንደቀረ ጻፊ። ደብተሩ ዓመት ሲሞላው የትምህርት ቤታችሁ ተጫዋቾች በብዛት የሚጎዱት ምናቸውን እንደሆነ ከማንም በላይ ታውቂያለሽ፤ ትልልቅ ክለቦችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄሽ ሴት ስለመሆንሽ ነው። ኢቫ ካርኔሮ የምትባል ሐኪም ነበረች፣ ትውልዷ ጅብራልታር፤ ሕክምና ተምራ ስፖርት ሕክምና ላይ ሠልጥና እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የቼልሲ ዋናው ቡድን ሐኪም ሆነች። አገር ያወቃት ግን በክርክሩ ነው። በነሐሴ 2015 ከስዋንሲ ጋር ሁለት ለሁለት በሆኑበት ጨዋታ መገባደጃ ላይ ኤደን ሃዛርድ ወደቀ፣ ዳኛው የሕክምና ቡድኑን ጠራ፣ እሷም ገባች። ቼልሲ ቀድሞ አንድ ተጫዋቹ በቀይ ወጥቶበት ነበር። ሃዛርድ ደግሞ የሕክምና እርዳታ ስለተደረገለት በደንቡ መሠረት ከመስመር ውጭ መቆየት ነበረበት፤ ስለዚህ ቡድኑ ለአፍታ ዘጠኝ ሰው ሆነ። አሰልጣኙ ሞሪንሆ በአደባባይ ወቀሳት፣ ከወንበሩም አነሳት። ክለቡን ለቅቃ ከሰሰች። በ2016 ጉዳዩ በስምምነት ሲያልቅ ቼልሲ ይቅርታ ጠይቆ፣ የጨዋታውን ሕግም የሐኪምነት ግዴታዋንም እንደተከተለች በጽሑፍ አመነ።

እዚህም ልብስ መቀየሪያ ክፍሉ፣ የአንዳንዱ ተጫዋች እፍረት፣ የደጋፊው አፍ ይኖራል። እሱ በአንድ የውድድር ዘመን ይለመዳል፤ እግሩን ያዳንሽለት ልጅ ራሱ ጠበቃ ይሆንሻል። የሴቶች ቡድን ደግሞ ከላይ ያነሳሁትን የወር አበባ ጥያቄ ሳይሳቀቁ የሚመልሱላት ሐኪም ይፈልጋል፤ እኔ በጠየቅሁት ቁጥር አንገታቸውን ይደፋሉ። የሚያስቸግርሽ ሌላው ነው፦ ዋንጫ ሊያመልጠው የደረሰ አሰልጣኝ «መርፌ ውጊልኝና ይግባ» ሲልሽ። ጭንቅላቱን ተመትቶ የተንገዳገደ ተጫዋች ያን ቀን አይመለስም፤ ይህ ሐኪም ሴትም ሆነ ወንድ ድርድር የለውም። ስለዚህ ቡድን ሲወስድሽ፣ በደመወዝም ይሁን በነጻ፣ «የተጎዳ ተጫዋች ይውጣ ወይስ ይቀጥል የሚለው ውሳኔ የሐኪሙ ነው» የሚል አንድ መስመር ወረቀት ላይ አስፍረሽ አሰልጣኙንም ሥራ አስኪያጁንም አስፈርሚ። አልፈርምም ካሉሽ ሌላ ቡድን ፈልጊ።